የጎጆዎቹ ዕጣ፦ ከሰሜን አላስካ ቱንድራ የአንድ በጋ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ በሰሜን አላስካ፣ በኡትኪያግቪክ ከተማ አቅራቢያ ባለው ቱንድራ (ዛፍ የማይበቅልበት ቀዝቃዛ ሜዳ) ላይ የውሃ ዳርቻ ወፎችን ጎጆ እየፈለገ የሚከታተል አነስተኛ ቡድን በበጋው ያከናወነውን ሥራ ይመዘግባል። ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጥያቄያችን ሲነገር ቀላል ነው፤ እዚህ ከሚጣሉት እንቁላሎች ስንቶቹ ይፈለፈላሉ? ይሁን እንጂ በአንድ ጎጆ ስም ፊት «ተፈለፈለ» ወይም «ተበላ» ብሎ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ማስረጃ በቀላሉ የሚገኝ ስላልሆነ፣ ከወፎቹ ውበት ይልቅ ስለ ማስረጃው አብዝቼ እጽፋለሁ።

ሜይ 30

ኡትኪያግቪክ በ71 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ የምትገኝ የኢኑፒያት ሕዝብ ከተማ ስትሆን እስከ 2016 ድረስ ባሮ በሚል ስም ትታወቅ ነበር። ፀሐይ ከሜይ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ኦገስት መባቻ ስለማትጠልቅ የሥራ ሰዓታችንን የሚወስነው ብርሃን ሳይሆን ድካምና ጭጋግ ነው። የምንሠራበት ምድር የአገሬው ተወላጆች ኮርፖሬሽን ይዞታ በመሆኑ ፈቃዱ ከእነርሱ ይጀምራል፤ ወፍ ይዞ ቀለበት ለማሰር ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የወፍ ቀለበት ላቦራቶሪ የሚሰጠው ፈቃድ የግድ ነው። የዋልታ ድብ ከባሕሩ በረዶ ወደ ምድር ሊወጣ ስለሚችል ማንም ሰው ብቻውን ወደ መስክ አይወጣም፤ ከመካከላችን አንዱ ጠመንጃ ይይዛል፤ ሥራ ከመጀመራችን በፊትም አድማሱን ዙሪያውን በአቅራቢ መነጽር እንቃኛለን።

መሬቱ ገና በአብዛኛው በረዶ እንደለበሰ ነው። የዚህ ሳምንት ሥራችን የጥናት ክልሉን በቀጭን የእንጨት ችካሎች መሸንሸንና በየሽንሻኖው ውስጥ ከመሬቱ ምን ያህሉ ከበረዶ ነፃ እንደሆነ በየሁለት ቀኑ ገምቶ መጻፍ ነው። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን እንቁላል የሚጣልበትን ጊዜ በአብዛኛው የሚወስነው የበረዶው መቅለጥ በመሆኑ፣ ይህ አምድ ባዶ ከሆነ ሌላው መረጃ ሁሉ መነሻ ያጣል።

ጁን 6

በረዶው ከፍ ካሉት ቦታዎች ላይ መሸሽ ጀምሯል። የዚህ ምድር ቅርጽ ከላይ ሲታይ እንደ ተሰነጣጠቀ ጭቃ በባለ ብዙ ማዕዘን ክፍልፋዮች የተከፋፈለ ነው። በክረምቱ ብርድ አፈሩ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ የሚገባው ውሃ በረዶ ይሆናል፤ ይህም ከዓመት ወደ ዓመት እየወፈረ የበረዶ ሽብልቅ ስለሚሠራ የክፍልፋዮቹን ጠርዝ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከሥር ያለው አፈር፣ ማለትም ፐርማፍሮስቱ፣ ዓመቱን ሙሉ ስለማይቀልጥ ውሃ ወደ ታች መስረግ አይችልም፤ በመሆኑም በክፍልፋዩ መካከል ኩሬ፣ በጠርዙ ላይ ደግሞ ደረቅ መሬት ይኖራል። ወፎቹ በጠርዙ ላይ ጎጆ ይሠራሉ፤ በኩሬው ዳር ይመገባሉ። ጎጆ የሚፈልግ ሰውም ይህን ካወቀ ድካሙ በግማሽ ይቀንሳል።

ፔክቶራል ሳንድፓይፐር የተባለው የውሃ ዳርቻ ወፍ ወንዶች ደረታቸውን እንደ ከረጢት ነፍተው ከሣሩ በላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ፣ ጥልቅና ጎርናና ድምፅ እያሰሙ ሴቶቹን ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና እዚሁ የተካሄደ ጥናት፣ አንዳንዶቹ ወንዶች እስከ 19 ቀን ድረስ ከጊዜያቸው 95 በመቶ ያህሉን ነቅተው እንደሚያሳልፉና፣ ከሁሉ ያነሰ የተኙት ብዙ ልጆች እንዳፈሩ አሳይቷል። ይህን ካወቅሁ በኋላ በጠዋት መነሳት ከብዶኛል ብሎ የሚያማርር የመስክ ሠራተኛ ሲያጋጥመኝ ብዙም አላዝንለትም።

ጁን 11

የመጀመሪያዎቹ ጎጆዎች ተገኙ። ፍለጋው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወፏን ከሩቅ ተቀምጦ መከታተል ሲሆን፣ ከምግብ ፍለጋ ስትመለስ ወዲህ ወዲያ እያለች፣ አንዴ ቆማ አንዴ ሮጣ፣ በመጨረሻ የምትቀመጥበትን ነጥብ ዓይን ሳይነቅሉ መያዝ ይጠይቃል። ሁለተኛው ገመድ መጎተት ነው፤ ሁለት ሰዎች የረጅም ገመድ ጫፍና ጫፍ ይዘው ሣሩ ላይ እየጎተቱ ይራመዳሉ፤ ሌሎች ከኋላ ሆነው ገመዱ ሲደርስባት ብድግ የምትለውን ወፍ ይጠብቃሉ። ገመዱ እስከ መጨረሻው ድረስ ከጎጇቸው የማይነቃነቁትን ወፎች ለማግኘት ይረዳል፤ ሰውን ከሩቅ አይተው በጸጥታ ሸርተት የሚሉትን ግን ትዕግሥት ብቻ ነው የሚያገኛቸው።

ዛሬ ያገኘነው የሴሚፓልሜትድ ሳንድፓይፐር ጎጆ በአንድ መዳፍ የሚሸፈን ጎድጓዳ ነው። በቄጠማ መሰሉ ሣር መካከል ተጭኖ የተሠራ ሲሆን ውስጡ ባለፈው ዓመት በረገፉ የድንክ አኻያ ቅጠሎች ተነጥፏል። አራት እንቁላሎች ሹል ጫፋቸውን ወደ መሃል አድርገው ተደርድረዋል፤ መደባቸው የወይራ ፍሬ መልክ ያለው ፈዛዛ ቡናማ ሲሆን ጥቁር ቡናማ ጠቃጠቆው በወፍራሙ ጫፍ ላይ ይበዛል። ዓይንን ለአፍታ አንስቶ መልሶ እዚያው ቦታ ላይ ማሳረፍ እንኳ ያስቸግራል። እናቲቱ 25 ግራም ያህል የምትመዝን ስትሆን፣ የአራቱ እንቁላሎች ድምር ክብደት ከራሷ ክብደት ጋር ይቀራረባል። ይህን ሁሉ ስንቅ ከደቡብ ይዛው እንዳልመጣች እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት አረጋግጧል፤ በአርክቲክ የሚራቡ የውሃ ዳርቻ ወፎች እንቁላላቸውን የሚሠሩት እዚሁ ቱንድራ ላይ ከሚያገኙት ምግብ መሆኑን የእንቁላሎቹ የካርበን አይሶቶፕ መጠን (ምግቡ ከየት እንደተገኘ የሚጠቁም የካርበን ዓይነቶች ምጣኔ) አሳይቷል።

ቦታውን በጂፒኤስ መዝግበን፣ ምልክቱን ከጎጆው አጠገብ ሳይሆን ጥቂት ሜትሮች ራቅ አድርገን ተከልን። ቀበሮና ቁራ ከችካል ሥር ምግብ እንደሚገኝ ቶሎ ይማራሉ ተብሎ ስለሚታመን ይህን ጥንቃቄ ማንም አይዘለውም።

ጁን 14

እንቁላል ከተጣለ ስንት ቀኑ እንደሆነ የምናውቀው ለብ ያለ ውሃ ባለው ትንሽ ግልጽ ዕቃ ውስጥ በጥንቃቄ በማስገባት ነው። አዲስ እንቁላል በመያዣው ወለል ላይ በጎኑ ይተኛል። ቀናት ሲቆጠሩ ውሃው በቅርፊቱ እየተነነ የአየር ኪሱ ስለሚሰፋ ወፍራሙ ጫፍ ቀስ በቀስ ይነሳል፤ ከዚያም ሹል ጫፉን ተክሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወደ መፈልፈያው ሲቃረብ ደግሞ ይንሳፈፍና ጫፉ ከውሃው በላይ ብቅ ይላል። የተዘነበለበትን ማዕዘንና ከውሃው በላይ የታየውን ስፋት ለክተን ከሰንጠረዥ ጋር ስናመሳክር የእንቁላሉን ዕድሜ በጥቂት ቀናት ልዩነት እናገኛለን። በጁን 11 የተገኘው ጎጆ እንቁላሎች ወለሉ ላይ ተኝተዋል። የዚህ ዝርያ የመታቀፊያ ጊዜ ወደ 20 ቀን ስለሆነ በጁላይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንጠብቃቸዋለን።

ይህ ትንሽ ልኬት ኋላ የሚመጣውን ፍርድ ሁሉ ይሸከማል። ጎጆው ባዶ ሆኖ ሲገኝ የመፈልፈያው ቀን ደርሶ ነበር ወይስ ገና ነበር የሚለውን የሚመልሰው ይህ ቀን ነው።

ጁን 18

ወፍ የመያዝ ሥራ ጀመርን። በጎጆው ላይ በስፕሪንግ የሚዘጋ ቀስት መሳይ መረብ እንዘረጋለን፤ ወፏ ተመልሳ እንቁላሎቿ ላይ በደንብ ስትቀመጥ በርቀት ያለው ሰው ገመዱን ይስባል። ማን ሊያዝ እንደሚችል በዝርያው ይለያያል። የሴሚፓልሜትድ ሳንድፓይፐርና የደንሊን ወንድና ሴት በየተራ ይታቀፋሉ። የፔክቶራል ሳንድፓይፐር ሴት ብቻዋን ስትታቀፍ ወንዱ አንድም ቀን አይረዳትም። በሬድ ፋላሮፕ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ደማቋ ሴቷ ናት፤ እንቁላሉን ጥላ ትሄዳለች፤ ፈዘዝ ያለ መልክ ያለው ወንዱ ታቅፎ ያሳድጋል።

በእጅ የተያዘች ሳንድፓይፐር ምንም ያህል አትከብድም፤ የልቧ ምት ግን በጣቶች መካከል እንደ ንዝረት ይሰማል። ሆዷ ላይ ላባው ረግፎ ቆዳው ባዶ ሆኗል፤ ሙቀቱን ለእንቁላሉ የምታስተላልፈው በዚያ ነው። ምንቃሯን፣ ክንፏንና እግሯን ለክተን፣ መዝነን፣ በአንድ እግሯ ቁጥር ያለበትን የብረት ቀለበት፣ በሌላው ደግሞ ፊደልና ቁጥር የተጻፈበትን አረንጓዴ የፕላስቲክ ባንዲራ እናስርላታለን። አረንጓዴው የአሜሪካ ምልክት ስለሆነ በሌላ አገር ዳርቻ ላይ ያያት ሰው ከየት እንደመጣች ወዲያውኑ ያውቃል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ምክንያቱም በ3 ዲግሪ ብርድ እንቁላሉ ያለ ሽፋን እየቀዘቀዘ ነው።

የደንሊኖቹ ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። በሰሜን አላስካ የሚራቡት ደንሊኖች ክረምቱን የሚያሳልፉት በምሥራቅ እስያ ዳርቻዎች ሲሆን፣ በመንገዳቸው ላይ ያለው የቢጫ ባሕር ጭቃማ ዳርቻ በ50 ዓመታት ውስጥ እስከ 65 በመቶ ድረስ መጥፋቱን እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሳተላይት ጥናት አሳይቷል። በ2019 ቻይና ከዚያ ዳርቻ የተወሰነውን ክፍል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት አስመዝግባለች። ስለዚህ አንድ ቀለበት ያሰርንለት ደንሊን በሚቀጥለው ዓመት ካልተመለሰ ምክንያቱን ቱንድራው ላይ ብቻ መፈለግ አይበቃም።

ጁን 21

በረዶ ጣለ። ቀኑን ሙሉ ከድንኳኑ አልወጣንም፤ የሚታቀፉ ወፎችን በእንዲህ ያለ ቀን ማስነሳት እንቁላሉን ማቀዝቀዝ ነው።

ጁን 26

የጎጆ ዘረፋው ጀመረ። በዚህ ምድር ዋናዎቹ ዘራፊዎች የአርክቲክ ቀበሮ፣ ጄገር የሚባሉት ነጣቂ የባሕር ወፎችና ግላውከስ ገል የተባለው ትልቅ የባሕር ወፍ ናቸው። የእነርሱ ፊት ወዴት እንደሚዞር በአብዛኛው የሚወስነው ሌሚንግ የተባለው አይጥ መሰል እንስሳ ነው። የሌሚንግ ቁጥር በተወሰኑ ዓመታት ልዩነት ያሻቅባል፤ ከዚያም ይወድቃል። ሲበዛ የበረዶ ጉጉቶችና ጄገሮች በብዛት ይራባሉ፤ ቀበሮውም በሌሚንግ ይጠግባል። ሲጠፋ ጉጉቶቹ ጎጆ ሳይሠሩ ያልፋሉ፤ ቀበሮው ደግሞ ወደ እንቁላል ይዞራል። ዘንድሮ በሣሩ ሥር ባሉት የሌሚንግ መተላለፊያዎች ላይ ትኩስ ኩስ እምብዛም አይታይም፤ የበረዶ ጉጉት ጎጆም አላገኘንም። ይህ ለሳንድፓይፐሮቹ መልካም ዜና አይደለም።

ባዶ ጎጆ ማንበብ የዚህ ሥራ ዋና ጥበብ ነው። ጫጩት ሲፈለፈል ከውስጥ እየቆረቆረ የሚያወጣቸው ጥቃቅን የቅርፊት ስብርባሪዎች ከጎጆው ንጣፍ ሥር ይቀራሉ፤ ከአንድ እስከ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆኑ ቅጠሉን በጣት ጫፍ እየገለጡ በአጉሊ መነጽር መፈለግ ያስፈልጋል። ትልልቁን ቅርፊት ወላጆቹ አንስተው ርቀው ይጥሉታል። ቀበሮ ግን እንቁላሉን በሙሉ አንስቶ ስለሚሄድ፣ አንዳንዴም ሣር ሥር ቀብሮ ስለሚያቆየው፣ ከኋላው ምንም አይተውም። ወፍ ከሆነ ዘራፊው የተበሳ ቅርፊትና የአስኳል ርጥበት ሊገኝ ይችላል። ከዚህ የተነሳ «ምንም የለም» የሚለው ምልክት ራሱ ማስረጃ ነው፤ ሆኖም ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ይህ ማስረጃ ይዳከማል።

ካሜራ ለምን በየጎጆው አይተከልም የሚል ጥያቄ በቡድናችን ተነሥቶ ነበር። ካሜራ በጥቂት ጎጆዎች አጠገብ አለን፤ ነገር ግን ካሜራው ራሱ ዘራፊውን ሊስብ ወይም ሊያርቅ ስለሚችል፣ የምንለካውን ነገር በመለካታችን እንዳንለውጠው በሁሉም ዘንድ ማስቀመጡን አልደግፍም። በአብዛኞቹ ጎጆዎች ውስጥ ያለው ከእንቁላሎቹ መካከል የተቀበረ ትንሽ የሙቀት መመዝገቢያ ነው፤ ወፏ ስትቀመጥ ሙቀቱ ይወጣል፤ ስትነሳ ይወርዳል። ከዚህ መዝገብ ሳንድፓይፐሮቹ እያንዳንዳቸው ለግማሽ ቀን ያህል ተቀምጠው ከአጋራቸው ጋር እንደሚቀያየሩ ይታያል። ሌሊት በሌለበት አገር የፈረቃው ሰዓት ቀስ እያለ ወደፊት ወይም ወደኋላ ሲንሸራተት ማየት ይገርማል።

ጁላይ 2

ከተገኙት ጎጆዎች ስንት በመቶው ተፈለፈለ ብሎ መቁጠር ያሳስታል፤ ምክንያቱም በሦስተኛው ቀናቸው የተበሉትን ሳናገኛቸው ስለሚያልፉን፣ የምናገኛቸው ጎጆዎች ከመጀመሪያውም ዕድለኞች የሆኑት ናቸው። አሜሪካዊው ሃሮልድ ሜይፊልድ እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረበው መፍትሔ ጎጆዎችን ሳይሆን በክትትል ሥር የዋሉባቸውን ቀኖች መቁጠር ነው። የጠፉት ጎጆዎች ለእነዚያ ቀኖች ድምር ሲካፈሉ የአንድ ቀን የመጥፋት ዕድል ይገኛል፤ ከ1 ላይ ሲቀነስ የአንድ ቀን የመትረፍ ዕድል ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በመታቀፊያው ቀኖች ልክ በራሱ ይባዛል። በቀን 0.98 የሆነ የመትረፍ ዕድል በ20 ቀን 67 በመቶ ይሆናል። 0.95 ከሆነ ግን ወደ 36 በመቶ ይወርዳል። በቀን የማይታይ የሚመስለው የሦስት በመቶ ልዩነት በመጨረሻው ውጤቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። ዛሬ የሚሠራባቸው ዘዴዎች ከዚያ የረቀቁ ቢሆኑም መሠረታቸው ይኸው ነው።

የጁን 11ዱ ጎጆ እንቁላሎች ላይ እንደ ኮከብ የተሰነጣጠቀ ምልክት ታየ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ከቅርፊቱ ውስጥ ቀጭን ጩኸት ይሰማል።

ጁላይ 4

አራቱም ተፈልፍለዋል። ላባቸው ከደረቀ በኋላ ቀለበት አሰርንላቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ5 ግራም የማይበልጡ ሲሆን እግራቸው ግን ካካላቸው ጋር የማይመጣጠን ረጅም ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ጎጆውን ለቀው በራሳቸው ምግብ መልቀም ይጀምራሉ፤ ወላጆቻቸው የሚሰጧቸው ሙቀትና ጥበቃ እንጂ ምግብ አይደለም። ከቅጠሉ ሥር የቅርፊቱ ስብርባሪ በግልጽ አለ። ይህን የመሰለ ጎጆ በበዛልን።

ጁላይ 13

የቢንቢው መንጋ ተነስቷል፤ ያለ መረብ ኮፍያ መሥራት አይቻልም። በሚጣበቁ ወጥመዶች የምንሰበስባቸው ነፍሳት ግን ቢንቢ ብቻ አይደሉም፤ ለጫጩቶቹ ዋና ምግብ የሆኑት ረጃጅም እግር ያላቸው ክሬን ዝንቦችና በኩሬ ውስጥ የሚያድጉት ጥቃቅን ሚጆች ናቸው። እነዚህ በብዛት የሚወጡት ለአጭር ጊዜ ሲሆን፣ በረዶው ቀድሞ በቀለጠ ዓመት እነርሱም ቀድመው ይወጣሉ። ወፎቹ በዚያው ልክ ካልፈጠኑ ጫጩቶቹ ከማዕዱ በኋላ ይደርሳሉ። በሩሲያ ታይሚር ስለሚራቡት የሬድ ኖት ወፎች እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ በረዶው በ33 ዓመታት ውስጥ በዓመት ግማሽ ቀን ያህል እየቀደመ እንደመጣ፣ ቀድሞ በቀለጠባቸው ዓመታት የተወለዱት ወፎች በአካልም በምንቃርም አነስተኞች እንደሆኑና፣ ምንቃራቸው ያጠረው ወፎች ክረምቱን በሚያሳልፉበት በሞሪታንያ ዳርቻ በጥልቅ የተቀበሩትን ባለ ሁለት ክፋይ ቅርፊት የባሕር እንስሳት መድረስ ስላቃታቸው የመትረፍ ዕድላቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። እኛ ለዚህ መልስ የሚሆን ረጅም መዝገብ በአንድ በጋ አናገኝም፤ ወጥመዱን በየተወሰነ ቀን እየቀየርን ለረጅሙ መዝገብ አንድ መስመር እንጨምራለን።

ጁላይ 21

ቱንድራው እየጸዳ ነው። የፋላሮፕ ሴቶች ከሄዱ ቆይተዋል፤ የሴሚፓልሜትድ ሳንድፓይፐር እናቶችም ጫጩቶቹን ለአባቶቻቸው ትተው ቀድመው ይሄዳሉ። መብረር የጀመሩት ወጣቶች በባሕሩ ዳር ይሰበሰባሉ፤ በጠጠሩ ዳርቻ አጠገብ ፋላሮፖች እየተሽከረከሩ በውሃው ላይ ምግባቸውን ይለቅማሉ። አዋቂዎቹ ቀድመው ስለሚሄዱ ወጣቶቹ ወደማያውቁት ደቡብ ያለ መሪ ይበርራሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ከዚህ በስተደቡብ በአላስካ ተራራማ ቱንድራ ላይ የሚራባው፣ 25 ግራም ገደማ የሚመዝነው ኖርዘርን ዊትየር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ይህ ወፍ እስያን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ በአንድ ጉዞ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ክረምቱን በምሥራቅ አፍሪካ እንደሚያሳልፍ አሳይቷል።

ጁላይ 27

ችካሎቹን ነቅለን፣ የሙቀት መመዝገቢያዎቹን ሰብስበን፣ የእያንዳንዱን ጎጆ ዕጣ መዝጋት ጀመርን። አብዛኛው ቶሎ ያልቃል። አንድ የደንሊን ጎጆ ግን አከራከረን። በውሃ ልኬቱ መሠረት የመፈልፈያው ቀን ጁላይ 9 ነበር። በጁላይ 8 እንቁላሎቹ ሁሉ ነበሩ፤ የተሰነጠቀ ግን አልነበረም። በጁላይ 10 ጎጆው ባዶ ነበር፤ በመካከሉ ዝናብ ዘንቧል፤ የቅርፊት ስብርባሪ አልተገኘም፤ ወላጆቹም በአካባቢው አልጮሁም። የሙቀት መዝገቡ በጁላይ 9 ንጋት ላይ በአንድ ጊዜ ከ36 ወደ 5 ዲግሪ ወርዶ እዚያው ይቀራል። ይህ የቀበሮ ሥራ ይመስላል፤ ጫጩቶች ሲወጡ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ እያለ ነውና የሚያልቀው። በሌላ በኩል ብርድ በበዛበት ንጋት መመዝገቢያው በሚነቃነቁ ጫጩቶች ተገፍቶ ከንጣፉ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ስናገኘውም ከጎድጓዳው ጠርዝ ላይ ነበር።

አብሮኝ የሚሠራው «ተበላ» ተብሎ ይጻፍ አለ። እኔ «ያልታወቀ» እንዲባል ጠየቅሁ፤ ምክንያቱም በሜይፊልድ አቆጣጠር ይህ ጎጆ እስከ ጁላይ 8 ድረስ በሕይወት መቆየቱ በእርግጠኝነት ስለሚታወቅ እነዚያ ቀኖች በሙሉ ይቆጠሩለታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከስሌቱ ይወጣል፤ የሚጠፋ መረጃም የለም። «ተበላ» ብንለው ግን በአንድ ግምት ላይ ተመሥርተን የአንድ ቀን የመጥፋት ዕድልን እንጨምራለን። ተስማማን። በዕጣ አምዱ ላይ «ያልታወቀ»፣ በመጨረሻ ንቁ ሆኖ በታየበት አምድ ላይ «ጁላይ 8»፣ በማብራሪያው አምድ ላይ ደግሞ የሙቀቱ መውረድ፣ ዝናቡና መመዝገቢያው የተገኘበት ቦታ ተጽፎ ገጹ ተዘጋ።